ግጥምና መጣጥፍ ጎን ለጎን፦ የአንድ መድበል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ዓመታት የጻፍኳቸውን ግጥሞችና መጣጥፎች በአንድ መድበል ላሰባስብ ተነስቻለሁ። ሥራው የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚጎተት እዚህ እመዘግባለሁ። ማስታወሻው በዋናነት ለራሴ ነው። እንደኔው ላፕቶፑ ውስጥ የጽሑፍ ክምር ይዞ የተቀመጠ ሰው ካለ ግን ይጠቅመው ይሆናል።

ክምሩ ዝንጉርጉር ነው። ቤት የሚመቱ ግጥሞች አሉ። የማይመቱም አሉ። ለኮርስ ተጽፈው ገቢ የሆኑ ወረቀቶች አሉ። ማንም ሳያዘኝ በገዛ ፈቃዴ የጻፍኳቸው ወጎችም አሉ። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው።

የመጀመሪያው ጣጣ ገና ከመክፈቱ ጀመረ። የቆዩት ፋይሎች በሰው ኮምፒውተር የተተየቡ ናቸው። ስከፍታቸው አማርኛ የለም። የላቲን ፊደል፣ የጥቅስ ምልክትና የመደመር ምልክት ተደበላልቆ ይመጣል። ነገሩ የታወቀ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የኛን ሆሄ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይነበባል፣ ከሌለ ጉድ ይፈላል። እነዚህ መጻፊያዎች ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ቦታ ሳይቀየሩ ቆይተዋል።

መጣጥፎቹን በመቀየሪያ ፕሮግራም አሳለፍኳቸው። ግጥሞቹን ግን በእጄ እንደገና እየጻፍኳቸው ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አሪፍ ማጣሪያ ሆኖልኛል። አንዳንዱን ስንኝ ደግሜ ስጽፍ እጄ ይሰንፋል። እጄ የሰነፈበት ስንኝ ደግሞ አንባቢም የሚሰለችበት ነው። ጎኑ ላይ ጥያቄ ምልክት እያደረግኩ አልፋለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ

ምረጫ። ግጥሞቹን ለጊዜው ተውኳቸውና መጣጥፎቹን ለየሁ። የሚያወላዳ ነገር ያላቸው ጥቂት ናቸው።

አንዱ ስለ ሬዲዮ ትረካ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ አወቀው። መጣጥፉ «ሰምቶ ማወቅ ማንበብ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሌላው ስለ እንካ ስላንትያ ነው። ልጆች ሆነን የተሰዳደብንበት ጨዋታ። ሦስተኛው በ1960ዎቹ ሰሎሞን ዴሬሳ በ«ልጅነት» መድበሉ በተለመደው ቤትና ምጣኔ ያልታሰረ ግጥም ይዞ ሲመጣ ስለተነሳው ክርክር ነው። አራተኛው ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ሠዓሊም ገጣሚም ስለነበረው ሰው። አምስተኛው ስለ ዘፈን ግጥም። የተቀሩት የኮርስ ሥራ ሆነው ይቅሩ። ማርካቸውን አግኝተዋል፣ ይበቃቸዋል።

እንካ ስላንትያውን በጣም ነው የምወደው። ብዙ መጣጥፍ አምስት ገጽ ፈጅቶ የማያደርገውን በአንድ ትንፋሽ ያደርጋል፦

«እንካ ስላንትያ!»
«በምንትያ?»
«በጃንጥላ!»
«ምን አለህ በጃንጥላ?»
«ሁሉም ቀድሞ ሲገባ፣ አንተ ሁልጊዜ ኋላ!»

ይቺን እኔው ነኝ የሠራኋት፣ ለማሳያ። ልብ በሉ፣ ጃንጥላው ከስድቡ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ያገናኛቸው «ላ» ብቻ ነው። ልጁ መጀመሪያ ቤቱን ይመርጣል፣ ከዚያ ትርጉሙን ያሳድደዋል። ትልልቆቹ ገጣሚዎችም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ናቸው፤ ልጁ ግን አይደብቅም።

ጥቅምት መጨረሻ

ከመጣጥፎቹ ላይ ዩኒቨርሲቲውን የማራገፍ ሥራ። ይሄ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። ማንም ምንም አያደርግም፤ ሁሉ ነገር «ይደረጋል»። ማንም አያስብም፤ «መገንዘብ ይቻላል»። አንድ ሐሳብ ሳይጀመር «ከዚህ አንጻር ሲታይ» ይመጣል። ሳይጨረስ ደግሞ «ሆኖ ተገኝቷል» ይከተላል። አስተማሪ ፊት እንዲህ መጻፍ ጋሻ ነው። ማንም «አንቺ ነሽ እንዲህ ያልሽው» ብሎ አይይዝሽም። ለአንባቢ ስትጽፊ ግን ጋሻው ፊትሽን ይሸፍነዋል።

ከሬዲዮው መጣጥፍ አንድ አንቀጽ እንዳለ ልገልብጥ፦

«ከዚህ አንጻር ሲታይ የሬዲዮ ትረካ በማኅበረሰቡ የንባብ ባህል ላይ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከተ መሆኑን ለመገንዘብ የሚቻል ሲሆን፣ ይህም በቃልና በጽሑፍ ሥነ ጽሑፍ መካከል ያለው ግንኙነት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሆኖ ተገኝቷል።»

ምን አለ? ምንም። ትክክል ነው፤ ግን ምንም አላለም። ዛሬ ማታ እንዲህ ሆኗል፦

«ትረካውን ከሬዲዮ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ በራሱ ድምፅ አያነብም። ጉዱ ካሣ አፉን ሲከፍት የሚሰማው ወጋየሁን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ላይ አንድ ተዋናይ ድምፁን አኖረበት፣ ድምፁም እዚያው ቀረ። አሁን መጽሐፉን ከድምፁ ለይቼ ላንብበው ቢል አይችልም።»

ከቀድሞው በቃላት ይበልጣል። ግን አንድ ነገር ይላል፤ ሊከራከሩት ይቻላል። መለኪያዬ እሱ ሆኗል። ማንም «አይ፣ አይደለም» ሊለው የማይችለው ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

የግርጌ ማስታወሻዎቹንም አነሳኋቸው። ስሙን ማወቅ ያለብን ሰው ካለ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይጠራል። ካልሆነ ይቅር። አማካሪዬን ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እሱንማ ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ብታደርጊው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፈታኞቹ አይለቁሽም» አሉኝ።

ኅዳር

ወደ ግጥሞቹ። ቀለም ቆጠራ ላይ ነኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በአማርኛ ግጥም አንድ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ የየሐረጉ ቀለም ይቆጠራል። 6 እና 6 ከሆነ ወል ቤት ነው። 5 እና 5 ሰንጎ መገን። 4 እና 4 ቡሄ በሉ። የሚቆጠረው ፊደሉ አይደለም፣ ድምፁ ነው። ሳድስ ፊደል አናባቢው ካልተሰማ ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ያልፋል። «ፊደል» ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ግጥም አለኝ፣ ለአክስቴ የጻፍኩት። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ታሪክ ግን ከኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ከሬዲዮ ነው የሰማችው። ግጥሙ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

ፊደል ሳትቆጥሪ፣ መጽሐፉን ያወቅሽ፤
በጆሮሽ ገልጠሽ፣ በልብሽ ያተምሽ።

ቆጠራው ደህና ነው። ፊ-ደል-ሳት-ቆጥ-ሪ፣ 5። መጽ-ሐ-ፉን-ያ-ወቅሽ፣ 5። ችግሩ ቤቱ ላይ ነው። «ያወቅሽ» እና «ያተምሽ» የሚገናኙት በ«ሽ» ብቻ ነው። «ሽ»ን ደግሞ እኔ አላመጣኋትም፤ ለሴት ሲነገር ሰዋስዉ በነጻ የሚሰጣት ናት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ስንኝ ሁሉ በግሥ ያልቃል፣ ግሥ ሁሉ በቅጥያ ያልቃል፣ ቅጥያ ሁሉ ቤት ይመታል። በዚህ መንገድ ሦስት መቶ ስንኝ ሳይደክሙ መጻፍ ይቻላል። ብዙ ሰውም ይጽፋል። አንባቢ ምን እንዳሰለቸው ሳያውቀው ይሰለቻል።

የኔ ሕግ ቀላል ነው። ሁለቱም ስንኞች በአንድ ዓይነት የግሥ ቅጥያ ካለቁ፣ ቢያንስ አንዱ ወደ ስም ይዞር። ሲዞር የቃላቱ ቅደም ተከተልም ይነቃነቃል፤ ያልታሰበ ነገር የሚገኘው ያኔ ነው። እያዞርኩ እያዞርኩ እዚህ ደረስኩ፦

ፊደል ሳትቆጥሪ፣ ያወቅሽው መጽሐፍ፤
በጆሮሽ ገልጠሽ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ።

አሁን ሁለቱም ስም ናቸው። ከ«ፍ»ዋ ፊት ያለው አናባቢም ይገጥማል። «ምዕራፍ በምዕራፍ» ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ሲነበብ 5 ቀለም። ልቤን የነካኝ ደግሞ ሌላ ነው። የቀድሞው «በልብሽ ያተምሽ» ማሞገሻ ነበር። «ምዕራፍ በምዕራፍ» ግን አክስቴን ሥራ ላይ አስቀመጣት። ሳምንት ጠብቃ፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለፈውን ይዛ የቆየች ሴት ሆነች። ይህን አስቤ አይደለም የጻፍኩት። «ፍ» ጎትታ ያመጣችው ነው። ጃንጥላውን አስታወሰኝ።

ኅዳር መጨረሻ

ሌሎቹን ቤት መቺዎች ማረም ቀጥሏል። ብዙ የሚባል የለውም። በ«ነበር» የሚያልቁ ስንኞችን እያደንኩ ነው። በ«ቤት» ላይ የሚቀልድ ኅብርም ነበረኝ፣ ቤት የተከራየሁበትንና ቤት የመታሁበትን በአንድ ቃል የሚይዝ። አጠፋሁት። ያ ኅብር ግጥም ለጀመረ ሰው ሁሉ በሩን ያንኳኳል።

ታኅሣሥ

ዋናው ችግር ዛሬ ፊት ለፊት መጣ። ስጠብቀው የነበረ ነው።

የአክስቴን ግጥምና የሬዲዮውን መጣጥፍ ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። መጣጥፉ የሚጀምረው በአክስቴ ነው። ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትረካውን ስትሰማ። ጥሩ መግቢያ ነው፤ ብቻውን ሲነበብ። ከግጥሙ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ግጥሙን ገደለው። ግጥሙ የሚደብቀውን መጣጥፉ አስቀድሞ ይናገራል። ግጥሙ አክስቴ ናት አይልም፤ ሬዲዮም አይልም። «በጆሮሽ ገልጠሽ» ነው የሚለው፣ አንባቢው ራሱ ይድረስበት። መጣጥፉ ግን «አክስቴ ናት፣ ሬዲዮ ነው፣ መጽሐፉም ይኸ ነው» ብሎ ያስረዳል።

ግጥምና መጣጥፍ በአንድ ጥራዝ የማውጣት አደጋው ይሄ ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማስረዳት ሙያችን ነው፤ ያገኘነውን ሁሉ እናስረዳለን፣ የራሳችንን ጨምሮ። ብዙ መድበል ላይ ግጥሙ ሳይጀመር መግቢያው ምን እንደተሰማን ነግሮን ያርፋል።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። መጣጥፉ ግጥሙን አያስረዳም፤ ግጥሙም የመጣጥፉን ሐሳብ በስንኝ አይደግምም። አንዱ ሌላውን ካስረዳ፣ ከሁለቱ አንዱ ይወጣል ወይም ይቀየራል።

አክስቴን ከመጣጥፉ አወጣኋት። አንድ ገጽ ተኩል ተቆረጠ። አሁን መጣጥፉ በወጋየሁ ድምፅ ይጀምራል፤ ባለታሪኮቹን እንዴት እንደለየ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት በድምፅ ብቻ እንዴት እንዳቆመ። አክስቴ የግጥሙ ብቻ ሆነች።

የነጻ ስንኙ ክርክር ላይ የተጻፈው መጣጥፍም ጎረቤት ነበረው፣ ስለ ቤት መምታት የሚያወራ ግጥም። እዚህ ላይ የወጣው ግጥሙ ነው። መጣጥፉ የሚለውን በተሻለ ይላል፤ ግጥሙ ቤት የሚመታ መጣጥፍ ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። ሳወጣው ምንም አልተሰማኝም። ያ ራሱ መልስ ነው።

የገብረ ክርስቶስ መጣጥፍ በራሱ ውስጥ ያው በሽታ አለበት። በጀርመን ኮሎኝ ሥዕል የተማረ፣ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ግጥሞቹ ተሰብስበው የታተሙት ግን ከሞተ በኋላ የሆነ ሰው ነው። እኔ የጻፍኩት ሥዕሉን በግጥሙ፣ ግጥሙን በሥዕሉ እያስረዳሁ ነበር። እዚህ ቀይ፣ እዚያ እሳት፤ እዚህ ሰማያዊ፣ እዚያ ናፍቆት። አንድ ሰው ሁለት ሙያ ሲይዝ አንዱ ለሌላው ቁልፍ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ግን ሁለተኛውን የያዘው አንደኛው ስላልበቃው ይሆናል። በዚህ ሐሳብ እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ለሌላው ሥራ እንቅፋት ስላይደለ ጎን ለጎን ይሂድ።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ቤት የማይመቱት። እነዚህን ማረም ይቀላል ብሎ የሚያስብ ካለ ይሞክረው። ቤት ሲኖር ስንኙ የት እንደሚያልቅ ቤቱ ይነግርሃል። ቤት ከሌለ ግን ለእያንዳንዱ ቁርጥ ምክንያት ያስፈልጋል።

አጭር ስለሆነች ሙሉዋን ላስቀምጣት፦

ፖስታ ቤቱ ጋ ሳልፍ
ሳጥኖቹን አያለሁ።
ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም።
የአንዱ በር ተከፍቶ ቀርቷል፤
ባዶነቱን
ሊወስድ የመጣ የለም።

አከራካሪው «ባዶነቱን» ብቻውን መቆሙ ነው። ከታችኛው ጋር ላያይዘው ብዬ ነበር። ግን ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ እዚህ ይጠቅመኛል። ለቤት መቺው ርካሽ ቤት የሚያቀርብለት ያው የሰዋስው ጠባይ፣ ለነጻ ስንኝ ማንጠልጠያ ይሆንለታል። «ባዶነቱን» ላይ ስንኙ ሲቆረጥ አንባቢው «ምን አደረገው?» እያለ ወደታች ይወርዳል። «ን» መንገድ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ በነጻ ስንኞቼ ሁሉ ከግሥ በፊት የሚቆረጡትን እያየሁ ነው። መንጠልጠል ያለበት ይንጠልጠል። ለታይታ የተቆረጠው ይያያዝ። አንዱ ግጥም ይህን ፈተና ሲወስድ ተያይዞ ተያይዞ አንድ አንቀጽ ሆነ። ወደ ወጎቹ ፎልደር አዛወርኩት፤ እዚያ ደስ ብሎት ይኖራል።

ጥር

የጥቅስ ጉዳይ። ይሄ ደረቅ ነው፣ ግን መታለፍ የለበትም።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አዋጁ ምንጭና ደራሲ ተጠቅሶ በመጠኑ መጥቀስን ይፈቅዳል። በመጠኑ የምትለዋ ናት ነገሩ። ከልብ ወለድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ሌላ፣ ስምንት ስንኝ ካለው ግጥም ስምንቱንም መገልበጥ ሌላ።

ስለዚህ እንዲህ ለየሁ። ከ«ጦቢያ» የምጠቅሰው አያሰጋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፉን በ1900 ዓ.ም. ሮም አሳተሙት፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1947 አርፈዋል፤ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆየ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ግን በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በአጭር በአጭሩ። የዘፈን ግጥሙ መጣጥፍ ግን ችግር ውስጥ ገባ። ያለ ዘፈኖቹ ግጥም ባዶ ነው። የዘፈን ግጥም ደግሞ አጭር ስለሆነ ሁለት መስመር ሲጠቀስ ግማሹ ሄደ። ባለመብቱን ፈልጎ ማስፈቀድ ይቻላል፤ ገጣሚው አንድ፣ ዜማ ደራሲው ሌላ፣ አሳታሚው ሌላ ሲሆን ግን ፍለጋው ራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። መጣጥፉ ለዚህ መድበል አይደርስም። በቃ፣ ወጣ።

ጥር መጨረሻ

ሞክሼ ሆሄያት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ።

ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ አቋም አለው፤ ሞቅ ያለ አቋም። የኔ አቋም አንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል አንድ ዓይነት ይጻፍ ነው። ሥሩ ከሚታወቀው ግዕዝ ጋር ሄድኩ፦ ሥዕል፣ ጽሑፍ፣ ፀሐይ፣ ዓመት፣ ኅብር። የቃላት ዝርዝር በአንድ ገጽ ጻፍኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

ኮምፒውተሩ «ሁሉንም ቀይር» የሚለው ቁልፍ እዚህ አያዋጣም። «ሰ»ን በ«ሠ» ልቀይር ብትል «ሰው»ም ይሄዳል፣ «ሰማይ»ም ይሄዳል። ቃል በቃል፣ ያውም እየታየ ነው የሚቀየረው። ከሌላ ሰው የተጠቀሰ ደግሞ አይነካም፤ ደራሲው እንደጻፈው ይቆያል።

አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ለሚመጣበት ሰው ልንገር። የቆዩት ፋይሎች ውስጥ አራት ነጥቡ አራት ነጥብ አይደለም። ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ። ገጽ ሲሠራ ግን ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሚያያቸው፣ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንዱ ከላይ ይቀርና አንዱ ወደታች ይወርዳል። ይሄኛውን «ሁሉንም ቀይር» ብሎ በአንዴ መገላገል ይቻላል። ደስ ይላል።

የካቲት

ቅደም ተከተል። መጀመሪያ «ክፍል አንድ ግጥም፣ ክፍል ሁለት መጣጥፍ» ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚወደውን ክፍል አንብቦ ሌላውን ይዘጋዋል። አደባልቄያቸዋለሁ።

ሳደባልቃቸው ያው ሕግ ይዞኛል። በአንድ ጉዳይ ላይ ያሉ ግጥምና መጣጥፍ ጎን ለጎን አይቀመጡም። የአክስቴ ግጥም ከፊት ገባ፤ የሬዲዮው መጣጥፍ ከኋላ። አንባቢው ግጥሙን ያለ ማብራሪያ ያነበዋል። ከብዙ ገጽ በኋላ ሬዲዮው ሲመጣ ካስታወሰ ያስታውሳል። ካላስታወሰም ግጥሙ ያለሱ መቆም አለበት። ከእንካ ስላንትያው ቀጥሎ የፖስታ ሳጥኗ ገባች። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ትንሽ ዝም የሚል ነገር ያስፈልግ ነበር።

ጓደኛዬ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ራሴ ሳነብ የት እንደምቆም ስለማውቅ አይጠቅመኝም። እሷ ስታነብ የሚደናቀፈው ይሰማኛል። አንዱ ወል ቤት ላይ ደጋግማ ተደናቀፈች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።
«ቆጥሬዋለሁ እኮ፤ ስድስት ነው።»
«ስድስት ይሁን ሰባት እኔ ምን አውቄ። ምላሴ አልዞር አለ።»

አየሁት። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ሐረጉ የሚከፈለው ቃል መሐል ላይ ነው። ምላስ ማረፍ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ገና ግማሽ ቃል አለ። ቃሉን አቀያየርኩት። ድጋሚ ስታነበው ሳታስተውለው አለፈችው። የፈለግሁትም እሱን ነው።

ስለ መጣጥፎቹ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «የገብረ ክርስቶሱ ላይ አሁንም ፈተና የምትፈተኝ ትመስያለሽ።» ልክ ናት። የመጨረሻውን ገጽ ጣልኩት፣ ጽሑፉ ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።

መጋቢት

የገጽ ሥራ። መጠኑ ኤ5። ሰንጎ መገንና ወል ቤት በአንድ መስመር በደንብ ይገባሉ። ችግሩ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም በሚጠራው ባለ 8 እና 8 ቤት የጻፍኩት ግጥም ነው። ከገጹ ስፋት ያልፋል። ኮምፒውተሩ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ቆርጦ ወደታች ይጥላታል፤ ቤት የምትመታዋን ቃል!

ሁለቱን ሐረግ በሁለት መስመር ላስቀምጥ ብል አንባቢው ሁለት ስንኝ ይመስለውና መሐል ላይ ቤት ይፈልጋል። ፊደሉን ላሳንስ ብል ያ ግጥም ብቻውን የሹክሹክታ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ሁለተኛውን ሐረግ ከታች አድርጌ ወደ ቀኝ ገባ አደረግሁት። ገባ ሲል ተከታይ እንደሆነ ዓይን ይረዳዋል።

ፊደሉን በኒያላም በኖቶ ሴሪፍም አትሜ አየሁ። ኒያላ ቀጠን ይላል፣ ስክሪን ላይ ያምራል። ወረቀት ላይ ግን የኖቶው ወፈር ማለት ለዓይን ይመቻል። ኖቶን ያዝኩ።

የመለያ ቁጥሩን፣ ማለትም አይኤስቢኤኑን፣ ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለማውጣት የሚጠየቀውን እያሟላሁ ነው። ቅጹ ላይ «የመጽሐፉ ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። ግጥም ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። መጣጥፍ ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ «ግጥምና መጣጥፍ» ብዬ አስገባሁ።

የሙከራ ቅጂ አንድ ፍሬ ለማተሚያ ቤቱ ታዟል። ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ። ለጊዜው የቀሩት የሽፋኑ ጀርባ ጽሑፍና ርዕሱ ናቸው። ጓደኛዬ ለጀርባው «ስለ ግጥሞቹ ትንሽ አብራሪ» አለችኝ። አላደርገውም። የአክስቴን ሁለት ስንኞች አስቀምጬ ስሜን ከሥር እጽፋለሁ።